ጸጥተኛው መንገድ ከየት መጣ? የፈረንሳይ ሞርቫን ኮረብታማ የደን ምድር የብስክሌት መስመሮች ከመንገድ ሕግና ከገጠር ታሪክ አንጻር

አኅጽሮተ ጥናት

በፈረንሳይ ኮረብታና ደን በበዛባቸው ገጠሮች የሚያልፉ፣ ተሽከርካሪ የማይበዛባቸው ጠባብ የአስፋልት መንገዶች በብስክሌት ተጓዦች ዘንድ እጅግ ተወዳጅ ናቸው። ጸጥታቸው ብዙ ጊዜ እንደ ተፈጥሮ ጸጋ ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ የሞርቫንን ከፍተኛ ምድር ማሳያ በማድረግ ጸጥታው የሦስት ታሪካዊ ሂደቶች ድምር ውጤት መሆኑን ያስረዳል። እነርሱም ሕዝብ ለበዛበት ገጠር ታስቦ በ1836 ሕግ የተስፋፋው የመንገድ መረብ፣ ቀጥሎ የመጣው የሕዝብ ፍልሰት፣ እንዲሁም በተለቀቀው መሬት ላይ የተስፋፋው ደን ናቸው። ጽሑፉ በተጨማሪ ጸጥታ ለብስክሌተኛ ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ስሌት ያሳያል፤ ጸጥተኛ መስመር ከካርታ ላይ የሚለይበትን መንገድ ይተነትናል። በመጨረሻም ይህ ጸጥታ በራሱ ጸንቶ የሚኖር አለመሆኑን፣ ይልቁንም በአነስተኛ የገጠር አስተዳደሮች በጀትና በደን ምርት ጭነት መካከል የሚገኝ ውርስ መሆኑን ያመለክታል።

ቁልፍ ቃላት፦ የብስክሌት ጉዞ፣ የገጠር መንገድ፣ የትራፊክ መጠን፣ ደን፣ ፍልሰት፣ ሞርቫን

1. መግቢያ

ፈረንሳይ ከአንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቅ የመንገድ መረብ አላት። ከዚህ ውስጥ ፈጣን አውራ ጎዳናዎችና በማዕከላዊው መንግሥት የሚተዳደሩት ብሔራዊ መንገዶች ተደምረው ከሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፉም። የቀረው 98 በመቶ ገደማ በሁለት የአካባቢ አስተዳደር እርከኖች እጅ ነው። ከአውራጃ ጋር ሊነጻጸር የሚችለው ዴፓርትማን 380 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ያስተዳድራል። ከቀበሌ ጋር የሚቀራረበውና ብዛቱ 35 ሺህ የሚጠጋው ኮሚዩን ደግሞ 700 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ በኃላፊነት ይዟል። ብስክሌተኞች «ጸጥተኛ» የሚሏቸው መንገዶች በአመዛኙ ከእነዚህ ከሁለቱ ወገን ናቸው።

ስለ እነዚህ መንገዶች የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የመልክዓ ምድሩን ውበት ያወሳል፤ መንገዱ ራሱ ግን እንደ ተራራውና እንደ ወንዙ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስላል። ሆኖም ሰው በሌለበት ጫካ ውስጥ ለስላሳ አስፋልት መገኘቱ ማብራሪያ የሚሻ ጉዳይ ነው። መንገድ የሚሠራው ለተጓዥ ነው፤ ተጓዥ የሌለበት መንገድ ማን ሠራው? አሁንስ ማን ይጠግነዋል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው። በማሳያነት የተመረጠው ሞርቫን ሲሆን፣ ማስረጃዎቹ ከመንገድ ሕግ፣ ከሕዝብ ቆጠራ፣ ከደን ታሪክና ከካርታ አነባበብ የተወሰዱ ናቸው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. የጥናቱ ምድር

ሞርቫን በመካከለኛው ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በቡርጎኝ ክፍለ ሀገር የሚገኝ የግራናይት ከፍተኛ ምድር ነው። አራት ዴፓርትማኖችን ማለትም ኒዬቭርን፣ ዮንን፣ ኮት ዶርንና ሶን ኤ ሉዋርን ያዋስናል። ከፍታው ከአልፕስ ወይም ከፒሬኔ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ከፍተኛው ጫፍ ኦ-ፎላን 901 ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን ምድሩ ሜዳ አያውቅም። ወንዞቹ ግራናይቱን ቆፍረው ጠባብ ሸለቆዎችን ስላበጁ፣ ተጓዥ ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው ለመሻገር ሳያቋርጥ መውረድና መውጣት አለበት። ከምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር መጀመሪያ የሚያጋጥመው ከፍታ በመሆኑ ዝናቡ ብዙ ነው፤ በከፍተኛው ክፍል በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ግማሽ የሚጠጋው መሬት በደን የተሸፈነ ሲሆን፣ የቀረው በአብዛኛው በአጥር ዛፎች የተከፋፈለ የከብት ግጦሽ ነው። አካባቢው በ1970 የክልል የተፈጥሮ ፓርክ ሆኖ ተቋቁሟል።

የአሰፋፈሩ ዓይነት ለመንገዱ ታሪክ ቁልፍ ነው። ሕዝቡ በትላልቅ መንደሮች ከመሰባሰብ ይልቅ በትናንሽ የጎጥ ሰፈሮች ተበታትኖ የኖረ ነው። አንድ ኮሚዩን በርካታ ጎጦች ሊኖሩት ይችላል፤ እያንዳንዱ ጎጥ ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ገበያና ወደ ወፍጮ የሚያደርስ የራሱ መንገድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የተበታተነ አሰፋፈር ጥቅጥቅ ያለ የመንገድ መረብን ይወልዳል።

3. መረቡ እንዴት ተዘረጋ?

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ መንግሥት ትኩረት ፓሪስን ከወደቦችና ከድንበሮች ጋር በሚያገናኙት ታላላቅ ጎዳናዎች ላይ ነበር። ከ1738 ጀምሮ በመላው ሀገር የተደነገገው ኮርቬ የተባለው የግዴታ ሥራ የገበሬውን ጉልበት ለእነዚሁ ጎዳናዎች አዋለው፤ በ1747 የተመሠረተው የድልድይና የመንገድ ትምህርት ቤትም መሐንዲሶችን አሠለጠነላቸው። የጎጡ መንገድ ግን ጭቃና ኮረኮንች ሆኖ ቀረ።

ይህን የለወጠው እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 1836 የወጣው የመንደር አገናኝ መንገዶች ሕግ ነው። ሕጉ ኮሚዩኖችን በስም የተመዘገቡ መንገዶቻቸውን እንዲጠግኑ አስገደደ። ለዚህም ሁለት ምንጮችን ፈቀደ፤ አንደኛው ተጨማሪ የገንዘብ ግብር፣ ሁለተኛው በዓመት እስከ ሦስት ቀን የሚደርስ የጉልበት ግብር ነው። የጉልበት ግብሩ ከ18 እስከ 60 ዓመት የሚሆናቸውን ወንዶች ብቻ ሳይሆን ጋሪዎችንና የጭነት እንስሳትንም ይጨምር ነበር፤ የፈለገም በገንዘብ ለውጦ መክፈል ይችል ነበር። ሥራውን የሚመሩ የመንገድ ሹማምንት በየዴፓርትማኑ ተሾሙ፤ ዋና ዋናዎቹ መስመሮችም በዴፓርትማኑ ምክር ቤት ደረጃ እየተሰጣቸው ከዴፓርትማኑ ድጋፍ ያገኙ ጀመር። ዛሬ በካርታ ላይ የሚታየው የገጠር መረብ አጥንት በመሠረቱ የዚህ ሕግ ልጅ ነው።

ለብስክሌተኛ እጅግ ጠቃሚ የሆነው የመንገዱ ቅርጽም የመጣው ከዚሁ ዘመን ነው። መንገዶቹ የተቀየሱት በሬና ፈረስ ለሚጎትቱት ጋሪ ነው። በጠጠር መንገድ ላይ ጋሪን በሜዳ ለመጎተት የሚያስፈልገው ኃይል ከክብደቱ ሦስት በመቶ ያህል ነው ቢባል፣ ስድስት በመቶ በሆነ አቀበት ላይ ኃይሉ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቀያሹ አቀበቱን በጎን እየዞረ ማለዘብ ነበረበት። ለበሬ የከበደ ለሰው እግርም ይከብዳል። ከነብስክሌቱ 85 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተጓዥ ስድስት በመቶ የሆነውን አቀበት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመውጣት የመሬትን ስበት ለማሸነፍ ብቻ 140 ዋት ያህል ያወጣል፤ የጎማና የአየር ግጭት ሲታከልበት ከ150 ዋት ያልፋል። ይህ ጤነኛ ሰው ሊቋቋመው የሚችል ነው። በአንጻሩ ከሕጉ በፊት የነበሩትና ቀያሽ ያልደረሰባቸው አቋራጮች ቀጥ ብለው የሚወጡ በመሆናቸው ከ12 በመቶ በላይ ሊደርሱ ይችላሉ።

ብስክሌቱም በበኩሉ ለኮረብታ እስኪበቃ ጊዜ ወስዷል። በሴንት-ኤቲየን የኖረውና ቬሎስዮ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ፖል ደ ቪቪ (1853–1930) «ለ ሲክሊስት» በተባለው መጽሔቱ ለተራራማ ሀገር የሚስማማ የተለያየ ማርሽ ያለው ብስክሌት እንዲስፋፋ ያለመታከት ተሟግቷል። የውድድሩ ዓለም ግን ዘገየ፤ በ1903 የተጀመረው የቱር ደ ፍራንስ ውድድር ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረውን የማርሽ መቀየሪያ ለሁሉም የፈቀደው በ1937 ነው። በ1936 የተደነገገው ደመወዝ የሚከፈልበት የዓመት ዕረፍት ደግሞ ሠራተኛውን በብስክሌት ወደ ገጠር አወጣው። እንዲህ ሲሆን ለበሬ ጋሪ የተቀየሰው መንገድ ያልታሰበ ወራሽ አገኘ።

4. ምድሩ ሲለቀቅ

መንገዱ የተሠራው ለሕዝብ ብዛት ነበር። የሞርቫንን ሰፊ ክፍል የያዘው የኒዬቭር ዴፓርትማን በ1886 ቆጠራ 347 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበረው፤ ዛሬ 200 ሺህ ገደማ ነው። ይህ የሞርቫን ብቻ ዕጣ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ በኩል የሚገኘውና በብስክሌተኞች ዘንድ በጸጥታው የሚታወቀው የክሮዝ ዴፓርትማን በ1851 ከነበረው 287 ሺህ ሕዝብ ዛሬ የቀረው 115 ሺህ ያህል ነው። የሁለቱም መንገድ ግን አልተቀነሰም።

ሰው የወጣባቸው በሮች የተለያዩ ነበሩ። ሞርቫን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለፓሪስ የማገዶ እንጨት አቅራቢ ነበር። እንጨቱ በኪዩርና በዮን ወንዞች እየተንሳፈፈ ወርዶ በክላምሲና በአካባቢው በታንኳ መልክ እየታሰረ ወደ ዋና ከተማይቱ ይጓዝ ነበር። ዛሬ ተጓዦች የሚዝናኑበት የሴቶን ሐይቅ ራሱ በ1850ዎቹ በግድብ የተሠራው ለዚህ ተንሳፋፊ እንጨት ውሃ አጠራቅሞ ለመልቀቅ ነው። ድንጋይ ከሰልና የባቡር ሐዲድ ሲስፋፉ ሥራው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከሰመ። ወንዶች ከበሬዎቻቸው ጋር ለወራት ርቀው በጋሪ ጭነት ይሠሩ ነበር፤ ሴቶች ጡት አጥቢ ሞግዚት ሆነው ወደ ፓሪስ ይሄዱ ነበር። ለወራት የወጣ ለዓመታት ቀረ፤ ለዓመታት የቀረም ልጆቹን በዚያው አሳደገ።

የተለቀቀው እርሻ ዳዋ በላው። በመላው ፈረንሳይ ዛሬ ደን 17 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ፣ ማለትም ከአውሮፓዊው ግዛቷ 31 በመቶውን ይሸፍናል፤ ይህም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከነበረው እጥፍ ያህል ነው። በሞርቫን መስፋፋቱ በራሱ ብቻ የመጣ አልነበረም። በ1946 የተቋቋመው ብሔራዊ የደን ፈንድ ባለይዞታዎች በፍጥነት የሚያድጉ ጥድ መሰል ዛፎችን እንዲተክሉ አበረታታ፤ ከሰሜን አሜሪካ የመጣው ዳግላስ የተባለው ዛፍ በርካታ ኮረብታዎችን ያዘ። የጥንቱ የኦክና የቢች ደን በከፊል በእርሱ ተተካ።

እንግዲህ ብስክሌተኛው በሚያልፍበት ጥላ ሥር ሁለት ነገሮች ተጋድመዋል። አንደኛው ለብዙ ሰው የተሠራ መንገድ ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ሰው የለቀቀው መሬት ነው። ጸጥታው የተወለደው ከሁለቱ መራራቅ ነው።

5. ጸጥታ እንዴት ይለካል?

የትራንስፖርት መሐንዲሶች የመንገድን ሥራ የበዛበት መሆን አለመሆን የሚለኩት በዓመቱ አማካይ የቀን ትራፊክ ነው። ለብስክሌተኛ ግን ትርጉም ያለው «በቀን ስንት መኪና ያልፋል?» የሚለው ሳይሆን «ከኋላዬ መጥቶ የሚቀድመኝ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ቀላል ስሌት አለ።

በቀን 200 ተሽከርካሪ የሚያልፍበት መንገድ ለአብነት ይወሰድ። እንቅስቃሴው በ14 ሰዓታት ውስጥ እኩል ቢከፋፈል በሰዓት 14፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 7 ያህል ይሆናል። መኪኖቹ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ ብስክሌተኛው በ18 ኪሎ ሜትር ቢጓዙ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከኋላ የሚቀድሙት 5፣ ከፊት የሚያጋጥሙት 9 ያህል ይሆናሉ። የቀን ትራፊኩ 2,000 ቢሆን ቀዳሚዎቹ 50 ይደርሳሉ፤ ማለትም በየደቂቃው አንድ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የመጀመሪያው መንገድ ለሐሳብና ለጨዋታ ይመቻል፤ ሁለተኛው ዘወትር ጆሮን ወደ ኋላ ያስቀስራል።

አቀበት ሲገባ ስሌቱ ይለወጣል። ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 8 ኪሎ ሜትር የወረደ ተጓዥ በ200ው መንገድ ላይ በሰዓት የሚቀድሙት 6 ያህል ናቸው፤ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። በርቀት ሲሰላ ግን በ10 ኪሎ ሜትር ሜዳ 3 የሚሆኑት ቀዳሚዎች በ10 ኪሎ ሜትር አቀበት 8 ይሆናሉ። በዚያ ላይ በአቀበት ብስክሌት ይዋልላል፣ መንገዱ ይጠመዘዛል፣ አሽከርካሪውም ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን አያይም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ ለመቆም ከ50 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ መስመር የሚያወጣ ሰው ሥራ የበዛበትን መንገድ ፈጽሞ ማስቀረት ባይችል፣ ቢያንስ በቁልቁለቱ በኩል እንዲያልፍበት ማድረግ ይገባዋል፤ ለአቀበቱ ጸጥተኛውን ይምረጥ።

ሕጉም ለስሌቱ ሌላ ገጽ ይጨምራል። በፈረንሳይ ከከተማና ከመንደር ክልል ውጭ ብስክሌተኛን የሚቀድም አሽከርካሪ ቢያንስ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት፤ ከ2015 ወዲህ እይታው ግልጽ ከሆነ ለዚሁ ሲል ያልተቋረጠውን መስመር እንዲያልፍ ተፈቅዶለታል። የመኪናው ስፋት 1.8፣ ርቀቱ 1.5፣ ብስክሌተኛው ከዳር የሚይዘው 0.7 ሜትር ቢባል ድምሩ 4 ሜትር ነው። የብዙ ኮሚዩን መንገዶች የአስፋልት ስፋት ከዚህ ያንሳል። በእነዚህ ላይ መኪናው ታግሶ መከተል ወይም ብስክሌተኛው ዳር ይዞ ማሳለፍ ይኖርበታል። ጠባብነት በትራፊክ ብዛት ሲታጀብ አደጋ ነው፤ ትራፊክ ሲያንስ ግን ፍጥነትን የሚገታ ጠባቂ ይሆናል።

ደኑ የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከብርሃን ወደ ጥቅጥቅ ጥላ በድንገት የሚገባ አሽከርካሪ ዓይኑ እስኪለምድ ድረስ ብስክሌተኛውን ላያየው ይችላል። ከዝናብ በኋላ ፀሐይ የማያገኘው አስፋልት ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ሻጋታና የበልግ ቅጠል ቁልቁለቱን ያንሸራትታሉ። ጸጥታ ማለት ደኅንነት ማለት ብቻ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት።

6. ካርታውን ማንበብ፦ ከአቫሎን እስከ ኦቶን

የትራፊክ ቆጠራ ለትናንሽ መንገዶች እምብዛም አይገኝም። ተጓዡ የሚተማመነው በካርታ ነው። በዚህ ረገድ የፈረንሳይ የካርታ ባህል የበለጸገ ነው፤ የሚሽለን የመንገድ ካርታዎች በ1 ለ200,000 መጠን ዋና ዋናዎቹን መንገዶች በቀይ፣ መካከለኞቹን በቢጫ፣ ትናንሾቹን በነጭ ያሳያሉ። ውብ የሚባሉትን በአረንጓዴ ጠርዝ ይለያሉ፤ የአቀበትን ልክ በቀስት ምልክት ያመለክታሉ። አንድ ቀስት ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለት ከ9 እስከ 13፣ ሦስት ከ13 በላይ ነው፤ የቀስቱ ጫፍ የሚያመለክተው ወደ ሽቅቡ ነው።

ከቀለሙ በላይ ግን ቁጥሩ ይናገራል። ከ1972 ጀምሮ መንግሥት ከ50 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ብሔራዊ መንገድ ለዴፓርትማኖች አስተላልፏል፤ በ2004 በወጣው ሕግ ደግሞ 18 ሺህ ያህል ተጨመረ። ብዙ ዴፓርትማኖች የተረከቡትን መንገድ በአሮጌው ቁጥር ላይ 900 እየደመሩ ሰየሙት። ኔቬርን በሻቶ-ሺኖን በኩል ከኦቶን ጋር የሚያገናኘው ብሔራዊ መንገድ 78 ዛሬ ዴ 978 ይባላል። ስለዚህ በዘጠኝ መቶ የሚጀምር የዴፓርትማን መንገድ ያየ ሰው «ይህ የቀድሞ ብሔራዊ መንገድ ሊሆን ይችላል» ብሎ መጠርጠር አለበት፤ ሰፊ፣ ቀጥተኛና ፈጣን የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ከዚህ ጋር ትይዩ ሆኖ በጎጦች መካከል የሚጠማዘዘው ቀጭን ነጭ መስመር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጸጥተኛ ነው፤ የሚቸኩለው ሁሉ በሰፊው ስለሚሄድ።

ይህ የትይዩነት መርሕ በሞርቫን ላይ ሲፈተሽ ግልጽ ይሆናል። ከሰሜኑ ከተማ ከአቫሎን ወደ ሻቶ-ሺኖን መድረስ የሚፈልግ መኪና በሎርም በኩል በዴ 944 ይወርዳል። ብስክሌተኛው ግን ወደ ምሥራቅ ዘወር ብሎ በካሬ-ሌ-ቶምብ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ባለበት በሴን-ብሪሶን፣ ከባሕር ጠለል 570 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በሚገኘው በሴቶን ሐይቅና በፕላንሼ በኩል ወደ ሻቶ-ሺኖን መድረስ ይችላል። ከዚያ ወደ ኦቶን የሚወስደውን ዴ 978 በሚቻለው ሁሉ እየሸሸ፣ በአርለፍ በኩል ወደ ኦ-ፎላን ደን ወጥቶ ወደ ኦቶን ይወርዳል። ርቀቱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሁለት ቀን ቢከፈል ለብዙ ሰው የሚመጥን ይሆናል። ከኦቶን በስተምዕራብ የሚገኘውና የጥንት ጎሎች ከተማ የቢብራክት ፍርስራሽ ያለበት 821 ሜትር ከፍታ ያለው የቦቭሬ ተራራ ተጨማሪ አቀበት ለሚሻ ቅርብ ነው።

በመስመሩ ላይ የሚገጥመው ችግር ትራፊክ ሳይሆን አገልግሎት ማጣት ነው። የጎጥ ዳቦ ቤቶች አብዛኞቹ ከተዘጉ ቆይተዋል፤ ያሉትም በተለይ ሰኞ ዝግ ሊሆኑ ይችላሉ። ልምድ ያላቸው ተጓዦች ውሃ የሚቀዱት ከመካነ መቃብር ቧንቧ ነው፤ አበባ ለማጠጣት የተዘረጋው ቧንቧ በየመንደሩ አይታጣምና። ይህ ትንሽ ዘዴ ስለ ምድሩ ብዙ ይናገራል። ዳቦ ቤቱ የተዘጋበት፣ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት መንደር ሳይቀር ያልተዘጋው የሙታኑ ቧንቧ ነው።

ለንጽጽር ያህል ከሞርቫን በስተደቡብ ምሥራቅ በጊቭሪና በክሉኒ መካከል በ1997 የተከፈተውን፣ በፈረንሳይ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነውን አረንጓዴ መንገድ ማንሳት ይቻላል። በተተወ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ በመሆኑ መኪና አይገባበትም፤ ተዳፋቱም ለስላሳ ነው። ለልጆችና ለጀማሪዎች ተመራጭነቱ አያከራክርም። ነገር ግን ባቡር ኮረብታን ይሸሻል፤ እንዲህ ያለው መንገድም ሐዲድ በነበረበት ብቻ ይገኛል። የኮረብታው ጸጥተኛ መንገድ በአንጻሩ አስቀድሞ የተሠራ፣ በየአቅጣጫው የተዘረጋና አዲስ ግንባታ የማይጠይቅ ነው። የሚጠይቀው ጥገና ነው፤ የሚቀጥለው ክፍል ጉዳይም ይኸው ነው።

7. የግንድ ጭነትና የመንገድ ዕዳ

ከ1946 በኋላ የተተከለው ዳግላስ ከ45 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ለመጋዝ ይደርሳል። ስለዚህ ካለፈው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሞርቫን ኮረብታዎች የመከር ጊዜ ላይ ናቸው። አንድን ተዳፋት ባንድ ጊዜ መመንጠር በነዋሪዎች፣ በደን ባለቤቶችና በተፈጥሮ ጠባቂዎች መካከል የከረረ ክርክር አስነስቷል፤ ገንዘብ አዋጥተው ነባሩን ደን ለማዳን መሬት የሚገዙ የነዋሪዎች ማኅበራትም ተፈጥረዋል። ከክርክሩ ባሻገር ግንዱ ወደ መጋዣ የሚደርሰው በዚያው ጠባብ መንገድ ላይ ነው።

የፈረንሳይ ደንብ ለግንድ ጭነት በተለዩ መስመሮች ላይ ልዩ ፈቃድ ይሰጣል፤ አምስት አክስል ላለው መኪና እስከ 48 ቶን፣ ስድስትና ከዚያ በላይ አክስል ላለው እስከ 57 ቶን። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ በተካሄደው ታላቅ የመንገድ ፍተሻ እንደተገኘው፣ በአስፋልት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከአክስሉ ክብደት አራተኛ ርቢ ጋር በግምት ይመጣጠናል። ስሌቱ ለቀላል ክብደት ግምታዊ ቢሆንም መጠኑን ያሳያል፤ 10 ቶን የተጫነበት አክስል 50 ኪሎ ግራም ከተጫነበት የብስክሌት ጎማ 200 እጥፍ ይከብዳል፣ ጉዳቱ ግን 1.6 ቢሊዮን እጥፍ ይሆናል። ብስክሌተኛ መንገድ አይጎዳም። የጎዳውን መንገድ የሚጠግነው ግን ጥቂት መቶ ነዋሪ ያለው ኮሚዩን ነው።

እዚህ ላይ የ1836 ሕግ እንደገና ይነሳል። የሕጉ 14ኛ አንቀጽ በማዕድን፣ በድንጋይ ካባ ወይም በደን ሥራ ምክንያት መንገድ ሲጎዳ ከባለሥራዎቹ ልዩ መዋጮ እንዲጠየቅ ይፈቅድ ነበር። ከተበታተነው አሰፋፈርና ከጋሪው ዘመን ጋር አብሮ የጠፋ የሚመስለው ይህ ሐሳብ ዛሬም በመንገዶች ሕግ ውስጥ ይኖራል፤ ኮሚዩንና ዴፓርትማን በመንገዳቸው ላይ ያልተለመደ ጉዳት ካደረሰ ድርጅት መዋጮ መጠየቅ ይችላሉ። ይሁንና ጉዳቱ ከማን ጭነት እንደመጣ ለማረጋገጥ የመንገዱ ሁኔታ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት፤ ይህም ሠራተኛ ለሌለው ትንሽ ጽሕፈት ቤት ቀላል ሥራ አይደለም። ከዚህም ሌላ እንጨቱ ለአካባቢው የሥራ ምንጭ ነው። ጭነት መኪናውን የሚነዳው ሰው ከቀሩት ጥቂት ነዋሪዎች አንዱ ሊሆን ይችላል።

የሕግ ደረጃው ልዩነትም ወሳኝ ነው። የኮሚዩን መንገድ የሕዝብ ንብረት ሲሆን ጥገናው ለኮሚዩኑ የግዴታ ወጪ ነው። የገጠር ጥርጊያ የሚባለው ግን የኮሚዩኑ የግል ንብረት ተደርጎ ይቆጠራል፤ ጥገናው ግዴታ አይደለም። ምክር ቤቱ አንድን መንገድ ከመጀመሪያው ደረጃ ወደ ሁለተኛው ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ጸጥታ ወሰን አለው። ተጓዥ ሲያንስ መንገዱ ጸጥ ይላል፤ ፈጽሞ ሲጠፋ ግን ለጥገናው የሚከራከር አይኖርም፤ አስፋልቱ ተሰነጣጥቆ ወደ ጠጠር፣ ጠጠሩም ወደ ሣር ይመለሳል።

8. መደምደሚያ

ከላይ የቀረበው ትንተና ጸጥተኛው የኮረብታ መንገድ ተፈጥሮ ያበጀችው እንዳልሆነ ያሳያል። ተዳፋቱን ያለዘበው የበሬ ጋሪ ነው፤ መረቡን ያበዛው የጎጡ ሕዝብ የሦስት ቀን ጉልበት ነው፤ ጸጥ ያሰኘው የልጅ ልጆቻቸው ስደት ነው፤ ጥላ ያለበሰው በእርሻቸው ላይ የበቀለው ደን ነው። ብስክሌተኛው የሚደሰትበት ነገር በሌላ በኩል ሲታይ የአንድ ማኅበረሰብ መሳሳት ምልክት ነው።

ይህን ማወቅ ደስታውን የሚያጠፋ ሳይሆን መስመር የሚያወጣበትን መንገድ የሚለውጥ ነው። መስመር ዘርጊዎች እስካሁን ሲጠይቁ የኖሩት «የት ሰው የለም?» ብለው ነው። የተሻለው ጥያቄ «ትራፊክ በሌለበት፣ ሰው ግን ባለበት የቱ ጋ እንለፍ?» የሚለው ይሆናል። ክፍት የሆነውን ዳቦ ቤት፣ አነስተኛውን የእንግዳ ማረፊያና የሳምንቱን ገበያ የሚነካ መስመር ጥቂት አቀበት ቢጨምርም፣ ኮሚዩኑ መንገዱን ለመጠገን የሚያቀርበውን ምክንያት ያጠናክራል። ለጥናት ባለሙያዎችም የሚቀር ሥራ አለ፤ በትናንሽ መንገዶች ላይ የብስክሌትና የግንድ ጭነት ቆጠራን ጎን ለጎን ማካሄድ፣ እንዲሁም የመንገዶችን ሁኔታ ከምንጣሮ በፊትና በኋላ መመዝገብ ቀዳሚዎቹ ናቸው። የልዩ መዋጮው ሕግ በጽሑፍ ላይ እንዳይቀር የሚያደርገው እንዲህ ያለው መዝገብ ነው።